የ28 ቀን መርፌ፦ በአንድ ሌሊት ጥያቄ ሥር የተሰበሰቡ ወላጆች

ስለ ልጄ ሕመምና መርፌ ጥያቄውን በወላጆች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የጻፍኩት ሚያዝያ ላይ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ልጄ አጠገቤ ተኝታ ነበር። ቀን ሙሉ አላርፍ ሲል የዋለው ቀኝ እጇ ጸጥ ብሏል። ስትተኛ እንደሚተዋት ያስተዋልኩት ያን ሌሊት ነው።

መክፈቻው ላይ ያሰፈርኩት ይህን ነበር። ልጄ 10 ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ክፍል ናት። ታኅሣሥ ላይ ጉሮሮዋን አመማት። ቶንሲል ነው አልን። ዝንጅብል በማር አፈላሁላት፣ ከፋርማሲም አሞክሳሲሊን ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቃት መድኃኒቱን አቆምን። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የካቲት ላይ ብርጭቆ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ፊቷ ይጨማደዳል። መምህሯ ግድየለሽ እንደሆነች ጽፋ ላከችልኝ። እኔም ተቆጣኋት። አንድ ቀን ሻይ ስትደፋ እጇን መታሁት። ያንኑ እጅ።

በኋላ የአማርኛ ደብተሯን ከመጀመሪያው ጀምሬ ገለጥኩ። ጥር ላይ ፊደሎቹ መስመራቸው ላይ ቆመዋል። የካቲት መጨረሻ ላይ የ«ጠ» ሦስት እግሮች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረዝሞ ታችኛውን መስመር ይነካል። መጋቢት ላይ መስመሩን ጥለውት ሄደዋል። አንድ ገጽ ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተጠንቅቃ እንድትጽፍ የሚያሳስብ ቃል አለ። ደብተሩን ይዤ ወደ ሐኪም ሄድኩ።

ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሣች። ሚትራል ቫልቭ የሚባለው የልቧ የደም በር በትንሹ እንደሚያፈስ ተነገረን። ሕመሙ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ እጇን የሚያወራጫት ደግሞ ሲደንሃም ኮሪያ የሚባለው ምልክቱ ነው። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ በየ28 ቀኑ ታዘዘላት። ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ይህ መርፌ እስከ ስንት ዓመቷ ነው? መርፌ ስታይ የምታለቅስን ልጅስ በየወሩ እንዴት አድርጌ ልወስዳት?

ጠዋት ስነሣ መልሶቹ ተደርድረው ጠበቁኝ። አሁን 26 ደርሰዋል። አዲስ የመጣችሁ ወላጆች ክሩ (ጥያቄውና ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች) ረዘመብን፣ ከየት እንጀምር ስላላችሁኝ በተራ ልንገራችሁ።

ቁጥር 1 ከሐዋሳ የጻፈች እናት ናት። ልጇ መርፌውን ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እንድጽናና፣ መጀመሪያ ያለቀሰው ልጅ ዛሬ ሱሪውን ራሱ ዝቅ አድርጎ እንደሚተኛ ነገረችኝ። የልጄን እጅ መምታቴንም አንብባ፣ እሷም ልጇን እግሬን አመመኝ ሲል ከትምህርት ቤት ለመቅረት ነው ብላ በግድ እንደላከችው አጫወተችኝ። ዛሬ ጉልበቱን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱን ይለው ነበርና ውሸት መስሏት ነበር።

ቁጥር 2 አንድ አባት ነው። በእነሱ አገር ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥሉ እንደሚቆረጥ፣ የተቆረጠ ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይነካው በእርግጠኝነት ጻፈ። ጨዋ ሰው ነው፤ ለመርዳት ብሎ ነው።

ቁጥር 3 ላይ ያረመችው በጤና ጣቢያ የምትሠራ ሲስተር ናት። ከክሩ ሁሉ በጣም የተማርኩበት መልስ ይሄ ነው። እንጥል መቁረጥ መድማትንና ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣ እንደሆነ እንጂ ይህን ሕመም እንደማይከለክል በመንገር ጀመረች። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችን። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲገባ ሰውነት ወታደር ያዘጋጅለታል። የባክቴሪያው ልብስ ከልባችን ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በአንዳንድ ልጆች ወታደሮቹ ጠላት መስሏቸው የገዛ ሰውነታቸውን ይመታሉ፤ ልብን፣ መገጣጠሚያን፣ አንጎልን። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ነው፤ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ። የእጅ መወራጨቱ ግን ወራት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። የእኔ ልጅ በታኅሣሥ ታማ በየካቲት የጀመራት ለዚህ ነው። መወራጨቱ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል።

መሳቢያ ውስጥ ስላስቀመጥኩት መድኃኒትም አልተወችኝም። በትሕትና፣ ግን ሳትሸፋፍን፣ የጉሮሮው ሕመም ከስትሬፕቶኮከስ ከሆነ አሞክሳሲሊን 10 ቀን ሙሉ መወሰድ እንዳለበት ነገረችኝ። ወይም አንድ የቤንዛታይን መርፌ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። ሌላም ነገር ጨመረች፤ ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተለማመደም። ሌላው ጀርም ሁሉ መድኃኒት ለመደ በሚባልበት ዘመን ይሄ ርካሽና አሮጌ መድኃኒት አሁንም ይገድለዋል። ይህን ሳነብ ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ቁጥር 4 የሕፃናት ሐኪም መሆኑን ጽፎ የመጀመሪያ ጥያቄዬን መለሰልኝ። ልቡ ያልተነካ ልጅ ቢያንስ 5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው ይወጋል። ልቡ ተነክቶ ቫልቩ ያገገመ 10 ዓመት ወይም እስከ 21። ቫልቩ ላይ ጉዳት የቀረበት 10 ዓመት ወይም እስከ 40፤ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። በሦስቱም ረዘም የሚለው ነው የሚያዘው። የእሷን የሚወስነው የሚከታተላት ሐኪም በሚቀጥሉት ኢኮዎች እንደሆነ አስጠነቀቀኝ። 40 ዓመት የሚለውን ሳይ እኔ ራሴ 36 ዓመቴ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ቁጥር 5 ጸሎት ብቻ ነው። አሜን ብያለሁ።

ከቁጥር 6 ጀምሮ ክሩ ጋለ። አንዲት አክስት የእህቷ ልጅ ልክ እንደ እኔ ልጅ እጇ ይወራጭ እንደነበር፣ ጸበል ወስደዋት በሁለት ወር ሙሉ በሙሉ እንደተዋት፣ መርፌውንም ያኔ እንዳቆሙ ጻፈች። እኔም ልጄን በመርፌ እንዳላሰቃያት መከረችኝ።

ቁጥር 7 አንድ የሒሳብ ባለሙያ አባት ነው፤ የገዛ ወንድሙን በልብ ሕመም በ24 ዓመቱ ቀብሯል። ቃሉን አላለሰለሰም። የሕፃን ነፍስ ላይ እንደምትፈርድ፣ እንዲህ ያለ ምክር ለሰው መስጠት ወንጀል እንደሆነ ጻፈባት። ስድብም ነበረበት፤ እሱን አልደግመውም። ከስድቡ ሥር ያለው ነገር ግን እውነት ነው። መወራጨቱ በአብዛኛው ልጆች በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ያኔ ምን ስናደርግ ነበር ብለን ለዚያ ነገር ምስጋናውን እንሰጣለን። ልብ ግን አይወራጭም፣ አይታይም። ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም የሚሉት አሮጌ አባባል እንዳለም ነገረን፤ መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ይነክሳል።

ቁጥር 8 ዲያቆን ነው። ረጋ ብሎ ነው የገባው። መጀመሪያ ጋሼ ያለውን የቁጥር 7ን አባት ስለ ወንድሙ አጽናናው። ከዚያ እሱ ራሱ ልጁን ማለዳ ጸበል አስጠምቆ፣ ከዚያው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚወስደው ጻፈ። ይህንን ያዘዙት የንስሐ አባቱ ናቸው። ጸበሉ መድኃኒቱን ጣሉ እንደማይል፣ መድኃኒቱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ አስረዳ። አማቴ ይህን ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ለእኔ ሳይነግሩኝ የልጄን የቀጠሮ ካርድ በላስቲክ ጠቅልለው ከዳዊታቸው ጋር አስቀምጠውታል።

ቁጥር 9 አክስቲቱ ተመለሰች። ተከፍታ ነው የጻፈችው። ክፉ አስባ እንዳልመከረች፣ ልጅቷን እንደ ራሷ ልጅ እንዳሳደገቻት ተናገረች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመረች። ልጅቷ አሁን 16 ዓመቷ ነው፤ ከሰፈራቸው ዳገት ስትወጣ ሁለት ሦስቴ ቆማ እንደምትተነፍስና ማታ ሁለት ትራስ ደርባ እንደምትተኛ። ይህን ሰውነቷ ስለደከመ ነው ብለው ነበር የተዉት።

ሐኪሙ በቁጥር 10 በደቂቃዎች ውስጥ መለሰላት። ወቀሳ የለበትም። ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠርና ትራስ መደረብ የልብ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ኢኮ እንድትነሣ ጠየቃት። ለእኔም፣ የልጄ ቫልቭ በትንሹ ብቻ መጎዳቱ መርፌውን የሚያስንቅ ሳይሆን የሚያስመሰግን ጊዜ መሆኑን ጻፈልኝ። በኡጋንዳ ገና ምልክት ያላሳዩ፣ በኢኮ ብቻ የተገኘባቸው ከ800 በላይ ልጆች ሁለት ዓመት ተከታትለዋቸዋል። በየወሩ ከተወጉት የባሰባቸው ከ100 አንድ አይሞሉም። ካልተወጉት ከ100 ወደ 8 ይጠጋሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።

ቁጥር 11 ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈች እናት ናት። የእሷ ልጅ ልቡ ደህና ነው። የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ ማታ ደህና ተኝቶ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ ተነሣባት። እጁን ቆዳው እስኪላጥ ይታጠባል። ምግቡ ተመርዟል ብሎ አይበላም። ዓይኑን ያርገበግባል። ጉሮሮው ሲመረመር ስትሬፕቶኮከስ ተገኘበት። እዚያ ፓንዳስ ይሉታል። ስሙ እንደ ፈረንጆቹ በ1998 ሱዛን ስዊዶ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ50 ልጆች ላይ ባወጡት ጽሑፍ ነው የታወቀው። እስከ ዛሬ ግን ሐኪሞች አልተስማሙበትም። አንዱ ያክማል፣ ሌላው እንዲህ የሚባል ሕመም የለም ብሎ ይመልሳታል። ዘመዶቿ ደግሞ በስልክ ልጁ አሜሪካ ተሞላቅቆ እንደሆነ ይነግሯታል።

ቁጥር 12 በቁጣ መጣ። እኛ መርፌ አጥተን ስንንከራተት ስለ ፈረንጅ አገር የእጅ መታጠብ መስማት እንደማይፈልግ፣ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ቢያወራ እንደሚሻል ጻፈ። አንጀቴ ተቆረጠ። ምሬቱ ይገባኛል፤ ያወጣው ግን በማትገባው ሰው ላይ ነው።

እሷ በቁጥር 13 አልተሳደበችም። እዚህ የጻፈችው የልጄን ደብተር ታሪክ አንብባ እንደሆነ፣ እሷም ፊደሎቹ መስመር የጣሉበት የልጇን ደብተር አስቀምጣ እንደያዘች ነገረችን። ሁለቱ ሕመሞች ዘመድ እንደሆኑም አስረዳች። ስዊዶ ወደዚህ የደረሱት የእኔን ልጅ ሕመም፣ ሲደንሃም ኮሪያን፣ ሲያጠኑ ነው። እጃቸው የሚወራጭ ልጆች ብዙዎቹ ከመወራጨቱ በፊት ወይም አብሮ እንግዳ ሐሳብና ጭንቀት እንደሚይዛቸው አዩ። ይህን ሳነብ የበሩን ቁልፍ ማታ አምስቴ ስድስቴ እየተነሣች የምታየው ልጄ ትዝ አለችኝ። ሌባ ፈርታ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ለሐኪሟ ነገርኩት፤ ካርዷ ላይ ጻፈው። የተቆጣው ሰውዬ አልመለሰም። እኔ ግን ለዚያች እናት ባለ ዕዳ ነኝ።

ቁጥር 14 ኮሪያ ከአገሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቀ። ምንም። የሕመሙ ስም ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ጭፈራ ማለት ነው። ሲደንሃም ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ በ1686 ሕመሙን የገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው።

ቁጥር 15 የብዙዎቻችንን ቁስል ነካ። አንድ አባት የልጁን መድኃኒት ገዝቶ፣ ማዘዣውን ይዞ አራት ክሊኒክ ዞሯል። አራቱም አንወጋም ብለውታል። በቁጥር 16 ሲስተር ተመልሳ ለምን እንደሆነ ሳትደብቅ ነገረችን። ባለሙያው ይፈራል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ላይ ድንገት ትንፋሽ የሚያፍን አለርጂ ሊነሣ ይችላልና፣ አንድ ልጅ እጁ ላይ ቢሞትበት ማን ያድነዋል? እሷም ጀማሪ ሳለች እንደምትፈራ አልካደችም። ፍርሃቱ ግን ከአደጋው ይበልጣል። በ11 አገሮች 1,790 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ32,430 መርፌ ከባድ አለርጂ የታየው በ4ቱ ነው። እሷ ዛሬ አለርጂ ቢነሣ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ አድሬናሊኑን፣ አዘጋጅታ፣ አስቀድማ ጠይቃ ትወጋለች፤ ከወጋች በኋላም ልጁን ግማሽ ሰዓት አስቀምጣ ታያለች።

ሐኪሙ እዚህ ላይ አረማት፤ ቁጥር 17 ነው። አለርጂ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳና ልቡ የደከመ ሰው በመርፌው ሕመምና ድንጋጤ ሊወድቅ እንደሚችል አስታወሰ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ለእንደነዚህ ያሉት የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ መክሯል። ሲስተርም አመስግና ተቀበለችው። ሁለት ባለሙያ ሳይናናቅ ሲተራረም ማየት ደስ ይላል።

ቁጥር 18 የሐዋሳዋ እናት ሁለተኛ ጥያቄዬን ይዛ መጣች። መድኃኒቱ እንደቀዘቀዘ አይወጋም፤ እሷ በሁለት መዳፏ ይዛ ታሞቀዋለች። ሐኪሙ ከፈቀደ ሊዶኬይን በሚባለው ማደንዘዣ ይበጠበጣል። መርፌው ከመግባቱ በፊት ቦታውን በአውራ ጣት አሥር እስኪቆጠር ጫን ማለት። በቀስታ መግፋት። ለልጁ አያምም ብሎ አለመዋሸት። የመጨረሻው ለእኔ ነው የተጻፈው፤ የመጀመሪያውን ቀን እንደዋሸኋት በምን አወቀች?

ቁጥር 19 እና 20 አንድ ላይ ይነበቡ። አንዲት እናት ቀኑን ላለመርሳት መርፌውን ከቅዱስ ሚካኤል ዕለት ጋር እንዳያያዘችው ጻፈች። በየወሩ በ12፣ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ታስወጋለች። ብዙ ሰው ወደደው፤ እኔም ልከተላት ነበር። ያ የተቆጣው የሒሳብ ባለሙያ፣ ቁጥር 7፣ አሁን በለዘበ ድምፅ ተመልሶ ሒሳቡን ሠራልን። ወራችን 30 ቀን ነው። በሚካኤል የሚወጋ ልጅ በየወሩ ሁለት ቀን ያልፍበታል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ደግሞ ጳጉሜን ትገባለች፤ 35 ቀን ይሆናል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ እየሳሳ የሚሄደው በእነዚያ መጨረሻ ቀኖች ነው። ያውም በክረምት፣ ልጆች ቤት ውስጥ ታፍገው በሚሳሳሉበት ጊዜ። ስለዚህ የወር መርፌ እያልን አንጥራው፤ የአራት ሳምንት መርፌ ነው። የሳምንት ዕለት ይመረጥለት፣ የወር ቀን አይደለም። የእኛ ረቡዕ ነው። የሚካኤሏ እናትም ወደ ቅዳሜ አዙራዋለች።

ቁጥር 21 ከሪያድ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ እናት ናት፤ ልጇ ወልድያ ከአያቱ ጋር ነው። በመርፌው ቀን ስልክ ደውላ ድምፁን እየሰማች ትጠብቃለች። አሠሪዎቿ ካልፈቀዱላት ደግሞ ማታ ነው የምትሰማው። አያት ማንበብ ስለማይችሉ ቀጠሮውን የምታስታውሰው እሷ ናት፤ ከዚያ ሆና። የማንንም ምክር አልጠየቀችም። ልጁ አድጎ ለምን አልነበርሽም እንዳይላት ትፈራለች። አሥራ አንድ ሰው መልስ ሳይቆጠር በልብ ምልክት ብቻ አለፈው። ምን ይባላል?

ቁጥር 22 የአራተኛ ክፍል መምህር ነው፤ የልጄ መምህር አይደለም። አምና ክፍሉ ውስጥ ፊቱን የሚያጨማድድ ልጅ ነበር። ያሾፍብኛል ብሎ አንበርክኮታል። ይህን ክር ካነበበ በኋላ የልጁን ቤት አፈላልጎ እናቱን እንዳነጋገረና ደብተሩ ላይ ያየውን እንደነገራት ጻፈ። ቁጥር 23 ስለ ትምህርት ቤት ቅጣት ሌላ ጭቅጭቅ ከፈተ፤ መምህራንን ሁሉ በአንድ ላይ ረገመ። እሱን አልፈዋለሁ። ይህ መምህር መጥቶ መናገሩ ይበቃኛል።

ቁጥር 24 የጤና ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም። በየካቲት 2015 እንደ ፈረንጆቹ፣ የአፍሪካ ኅብረት በጠራው ስብሰባ እዚሁ አዲስ አበባ ይህን ሕመም ከአፍሪካ ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎች መነደፋቸውን አስታወሰ። አንዱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ ነው። በከተማችን ስም የሚጠራ ሰነድ ነው፤ የአዲስ አበባ መግለጫ ይሉታል። ቁጥር 15 ላይ ያለው አባት አራት ክሊኒክ የዞረውም በዚሁ ከተማ ነው።

ቁጥር 25 አክስቲቱ ናት። ኢኮው ተነሥቷል። ቫልቩ ጠቧል። መርፌው እንደገና ተጀምሯል፤ ለቀዶ ሕክምና በጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ሕሙማን ማዕከል ተጽፎላቸው ወረፋ ይዘዋል። ቁጥር 7 ከሥሩ ይቅርታ ጠይቋታል። ስልክ ተለዋውጠዋል።

ቁጥር 26 ትናንት ማታ የገባ ነው። ከደብረ ብርሃን አንዲት እናት ቤንዛታይን የት እንደሚገኝ ትጠይቃለች። ሁለት ፋርማሲ አልቋል ብለዋታል። የልጇ 28ኛ ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። እስካሁን የመለሰላት የለም። በዚያ አካባቢ ያላችሁ፣ ዛሬ ጻፉላት።